ከስሌቱ በፊትና ከስሌቱ በኋላ፦ የቁጥር ጥያቄ አፈታት በቢዝነስ፣ በሳይንስና በፕሮግራሚንግ ትምህርት

የቁጥር ጥያቄ የታወቀ መጠን ተሰጥቶ ያልታወቀ መጠን የሚፈለግበት ጥያቄ ነው። በኮሌጅ አካውንቲንግ የሚማረው፣ ኬሚስትሪ የሚማረውና ፕሮግራሚንግ የሚማረው ተማሪ በየፊናቸው ይህንኑ ሲሠሩ ይውላሉ። አንዱ ብርና ወለድ፣ ሌላው ሙቀትና ግፊት፣ ሦስተኛው ቀሪና ዙር ይቆጥራል፤ የሚሰናከሉበት ቦታ ግን ይመሳሰላል። መደመርና ማባዛት፣ ሎጋሪዝም መውሰድም ጭምር፣ ዛሬ የካልኩሌተር ሥራ ነው፤ እዚያ ላይ የሚሳሳት ብዙ የለም። መልሱ የሚበላሸው ካልኩሌተሩ ከመነሣቱ በፊት ጥያቄው ሲነበብ፣ አለዚያም ካልኩሌተሩ ከተቀመጠ በኋላ የወጣው ቁጥር ሳይመረመር ሲቀር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1887 ቡዳፔስት የተወለደው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ፖልያ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 ስለ ጥያቄ አፈታት ባሳተመው መጽሐፍ ሥራውን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፤ ጥያቄውን መረዳት፣ ዘዴ መቀየስ፣ ዘዴውን መፈጸም፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ማየት። አራቱን ደረጃዎች መምህራን ሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ፣ ተማሪዎችም ይገለብጣሉ። በፈተና ሰዓት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚተርፈው ሦስተኛው ብቻ ነው። ጥያቄው በግማሽ ይነበባል፣ ቁጥሮቹ ይለቀማሉ፣ ቁጥሮቹን የሚውጥ ቀመር ይፈለጋል። ደህና የሚባሉት ተማሪዎች እንኳ መልሱ እንደወጣ ደብተራቸውን እንደሚከድኑ ፖልያ ራሱ ታዝቧል።

ቀላል ከሚመስለው ለመጀመር ያህል፣ በኢትዮጵያ ቫት እየተባለ የሚጠራው የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ ነው። አንድ ዕቃ ቫትን ጨምሮ በ1,150 ብር ተሸጠ፤ ታክሱ ስንት ነው? የቸኮለ ተማሪ 1,150ን በ0.15 አባዝቶ 172 ብር ከ50 ሳንቲም ይላል። ስሌቱ እንከን የለውም፤ የተዘለለው «15 በመቶ የምኑ?» የሚለው ነው። ታክሱ የሚሰላው ከታክስ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ስለሆነ 1,150 የዚያ ዋጋ 115 በመቶ ነው። ለ1.15 ሲካፈል 1,000 ብር ይወጣል፤ ታክሱ 150 ብር ነው ማለት ነው። ምርመራው ከአንድ መስመር አይበልጥም። የቸኮለው ተማሪ ልክ ቢሆን ኖሮ የዕቃው ዋጋ 977 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆን ነበር፤ 15 በመቶ ሲጨመርበት ግን ከ1,124 ብር እምብዛም አያልፍም፣ ደረሰኙ ላይ ያለው ደግሞ 1,150 ነው። ትርፍ ሲሰላም ያው ነው። በ80 ብር ተገዝቶ በ100 ብር የተሸጠ ዕቃ ከግዥው አንጻር 25 በመቶ፣ ከሽያጩ አንጻር 20 በመቶ አተረፈ ይባላል፤ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የትኛው እንደተጠየቀ የሚያውቀው ጥያቄውን ያነበበ ነው።

የገንዘብ የጊዜ ዋጋ ሲመጣ ነገሩ ይጠጥራል። ለዚህ ትምህርት ከባዕድ አገር ቦንድ ይልቅ እቁብ የተሻለ ምሳሌ ነው፤ ተማሪው አሠራሩን ከቤቱ ያውቀዋልና። ዐሥር አባላት በየወሩ 1,000 ብር ይጥላሉ፤ በየወሩ አንዱ 10,000 ብር ይወስዳል። እያንዳንዱ 10,000 ከፍሎ 10,000 ስለሚያገኝ ማንም ያልተጎዳ፣ ማንም ያልተጠቀመ ይመስላል። ገንዘቡን ሌላ ቦታ በወር 1 በመቶ ማሳደግ ይቻላል ቢባልስ? እዚህ ላይ ቀመር ከመፈለግ በፊት የሚጠቅመው አንድ መስመር ስቦ ወራቱን መንጠብ ነው። የመጀመሪያው መዋጮና የመጀመሪያው ዕጣ በአንድ ቀን ስለሚውሉ ያ ቀን 0 ተብሎ ይጻፋል፤ የመጨረሻው ዕጣ 9 ላይ ይወድቃል። ብዙ ተማሪ «ዐሥር ወር» የሚለውን አይቶ የመጨረሻውን ገንዘብ በዐሥር ወር ወለድ ይቀንሰዋል። ዐሥር የአጥር እንጨት በመካከሉ ያለው ዘጠኝ ክፍተት ነው፤ ይህች ስሕተት ወደ ኋላ በፕሮግራም ውስጥም ትመጣለች።

መስመሩ ከተሳለ በኋላ ስሌቱ አጭር ነው። አንድ አባል የሚከፍላቸው ዐሥር መዋጮዎች በመጀመሪያው ቀን ዋጋ 9,566 ብር ያህል ናቸው። የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት በዚያው ቀን 10,000 ይዞ ስለሚሄድ 434 ብር ያህል ተጠቅሟል። የመጨረሻው የሚወስደው 10,000 ለ1.01 ዘጠኝ ጊዜ ሲካፈል 9,143 ብር ይሆናል፤ 423 ብር ያህል ጎድሎበታል። አምስተኛው በ44 ብር ይጠቀማል፣ ስድስተኛው በ51 ብር ይጎዳል፤ ጥቅምና ጉዳት የሚለያዩት በሁለቱ መካከል ነው። የዚህ ጥያቄ ውበት ምርመራው ላይ ነው። ከውጭ የገባ ገንዘብ ስለሌለ የዐሥሩ አባላት ጥቅምና ጉዳት ተደምሮ ዜሮ መሆን አለበት፤ ካልሆነ አንድ ወር ተዘልሏል ወይም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። እንዲህ ያለው ምርመራ ስሌቱን ከመድገም ይለያል። የደገመ ሰው ስሕተቱንም ይደግማል፤ ድምሩ ዜሮ መሆን አለመሆኑን የሚያይ ግን ነገሩን በሌላ በር ገብቶ ያየዋል።

በሳይንስ ትምህርት የብር ቦታ በመለኪያ ይያዛል። ውኃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል የሚባለው በባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከ101.3 ኪሎ ፓስካል ወደ 77 ግድም ይወርዳል፤ ደጋ ላይ ክክ አልበስል የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ታዲያ ውኃው በስንት ዲግሪ ይፈላል? የክላውሲየስና የክላፔይሮን ቀመር እንደሚለው የሁለቱ ግፊቶች ውድር ሎጋሪዝም፣ የውኃ የትነት ሙቀት ለጋዝ ቋሚ ተካፍሎ በሁለቱ የመፍያ ሙቀቶች ግልባጮች ልዩነት ከተባዛው ጋር እኩል ነው። 101.3 ለ77 ሲካፈል የሚገኘው ውድር ሎጋሪዝሙ 0.274 ነው። የትነት ሙቀቱ በሞል 40,700 ጁል፣ ቋሚው 8.314 ስለሆነ ክፍልፋዩ 4,895 ይሆናል። 0.274 ለ4,895 ሲካፈል 0.000056 ይወጣል። ይህ በአንድ ለ373.15 ላይ ሲደመርና ሲገለበጥ 365.5 ኬልቪን ይሰጣል፤ 92.4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማለት ነው።

በዚህ ጥያቄ ሁለት ተማሪዎች ይሳሳቱ። አንደኛው የትነት ሙቀቱን በኪሎ ጁል እንዳለ ትቶ፣ ቋሚውን በጁል አስገባ። መልሱ 17 ኬልቪን ይሆናል፤ ከዜሮ በታች 256 ዲግሪ። ውኃ እንዲያ ባለ ብርድ እንደማይፈላ ለማወቅ ኬሚስትሪ አያሻም፤ ተማሪው ይስቅና ይመለሳል። ሁለተኛው ዲግሪውን ወደ ኬልቪን ሳይቀይር 100ን በቀጥታ አስገባ። የሚያገኘው 99.4 ዲግሪ ነው። ከ100 ያንሳል፣ ደጋ ላይ ውኃ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል ከሚለው ትምህርት ጋርም ይስማማል፣ ለዓይን ያማረ ነው፤ ስሕተት ነው። ከሁለቱ የሚያሰጋው ይህኛው ነው። ያፈጠጠ ስሕተት ራሱን ያጋልጣል፤ ያማረው ግን ከመልስ ወረቀት ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ሥራ ይሻገራል። እሱን የሚያጋልጠው ከስሌቱ በፊት የተያዘ ግምት ብቻ ነው። የመፍያ ሙቀት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል እንደሚቀንስ የሚያውቅ ሰው ለ2,300 ሜትር ከሰባት እስከ ስምንት ዲግሪ ይጠብቃል፤ 99.4 ሲመጣለት አይቀበለውም።

ያማረ ስሕተት ሰው ይዞ ሲበር የታየበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1983 የኤር ካናዳ ቦይንግ 767 አውሮፕላን የነዳጅ መለኪያው ባለመሥራቱ ነዳጁ በእጅ ተሰላ። ለበረራው 22,300 ኪሎ ግራም ያስፈልግ ነበር፤ በታንኩ 7,682 ሊትር ነበር። ሊትሩን ወደ ክብደት ለመቀየር በ1.77 አባዙና 13,597 አገኙ፤ ኪሎ ግራም ነው ብለውም ወሰዱ። ከሚፈለገው ሲቀነስ 8,703 ቀረ፤ ለ1.77 ተካፍሎ 4,917 ሊትር ግድም ተቀዳ። ማባዛቱ፣ መቀነሱ፣ ማካፈሉ ሁሉ ልክ ነው። 1.77 ግን የአንድ ሊትር ነዳጅ ክብደት በፓውንድ ነበር፤ በኪሎ ግራም 0.8 ያህል ነው። በእርግጥ መቀዳት የነበረበት ከ20,000 ሊትር በላይ ነበር። አውሮፕላኑ በ41,000 ጫማ ከፍታ ላይ ሳለ ሁለቱም ሞተሮች ጠፉ። ካፒቴኑ ሞተር አልባ ተንሳፋፊ አውሮፕላን የማብረር ልምድ ስለነበረው ጊምሊ በተባለ አሮጌ የአየር ኃይል ማረፊያ ላይ አሳረፈው፤ ከተሳፈሩት 69 ሰዎች የሞተ የለም።

የኬሚስትሪ መምህር መለኪያውን በየመስመሩ ጻፉ ሲል ተማሪው የአጻጻፍ ሥርዓት ይመስለዋል። የአውሮፕላኑ ነዳጅ በተሰላበት ወረቀት ላይ ከ1.77 አጠገብ «ፓውንድ ለሊትር» ተብሎ ተጽፎ ቢሆን፣ ሊትር ከሊትር ተጣፍቶ ፓውንድ ይቀር ነበር፤ ከ22,300 ኪሎ ግራም ላይ ፓውንድ መቀነስ እንደማይቻል ማንም ያያል። ያለ ጽሑፍም ቢሆን አንድ ግምት ይበቃ ነበር። ነዳጅ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ የአንድ ሊትሩ ክብደት ከአንድ ኪሎ ግራም ማነስ አለበት፣ 1.77 ሊሆን አይችልም።

ፕሮግራሚንግ ከቢዝነስና ከሳይንስ የሚለየው መልሱ አንድ ቁጥር ሳይሆን ቁጥር የሚያወጣ መመሪያ በመሆኑ ነው። ተማሪው ለአንድ ዓመት ሳይሆን ለማንኛውም ዓመት፣ ለአንድ ደረሰኝ ሳይሆን ለሁሉም መፍታት አለበት። መለኪያ የሚባለውም መልኩን ይቀይራል። በሲ ቋንቋ 1 ለ2 ሲካፈል ዜሮ ነው፤ ሁለቱም ሙሉ ቁጥር ስለሆኑ ክፍልፋዩ ይጣላል። በፓይተን 0.1 እና 0.2 ሲደመሩ 0.30000000000000004 ይወጣል፤ ኮምፒውተሩ በሁለት ቤት ስለሚቆጥር አንድ ዐሥረኛን በትክክል መጻፍ አይችልም። ለዚህ ነው የገንዘብ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ብሩን በሳንቲም ቆጥረው በሙሉ ቁጥር የሚይዙት።

ባሕረ ሐሳብ ለዚህ ትምህርት እንደ ተሠራ ያህል ይስማማል። አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጣው ይህ ቀመር፣ በትውፊት ለእስክንድርያው ድሜጥሮስ የሚሰጠው፣ በዛሬ ቋንቋ አልጎሪዝም ነው። ለ2016 ዓ.ም. 5,500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7,516 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 11 ይቀራል፤ አንድ ሲነሣለት የሚገኘው 10 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ 30 30 ሲገደፍ ቀሪው 20 አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ 30 30 ሲገደፍ ቀሪው 10 መጥቅዕ ይባላል። አበቅቴና መጥቅዕ ሁልጊዜ ተደምረው 30 ናቸው፤ 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሚሞሉ። ሊቃውንቱ ምርመራውን ከስሌቱ ጋር አብረው አስቀምጠውታል።

የዚህን ቀመር ፕሮግራም በአምስት መስመር መጻፍ ይቻላል፤ ለ2016 ይሠራል፣ ለ2017 ይሠራል፣ ተማሪው ያስረክባል። የሚወድቀው 2024 እና 2025 ላይ ነው። የ2025 ቀሪ 1 ስለሆነ ወንበሩ 0 ይሆናል፤ ፕሮግራሙ አበቅቴንም መጥቅዕንም 0 ይላል፣ ድምሩ 30 ስላልሆነ ስሕተቱ ይታያል። በሥርዓቱ ወንበር ዜሮ ሲሆን መጥቅዕ 30 ነው። የ2024 ግን ይከፋል። 7,524 ለ19 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ከዜሮ አንድ ሲነሣ ወንበሩ ከዜሮ በታች 1 ይሆናል። በሲ ከተጻፈ አበቅቴው ከዜሮ በታች 11፣ መጥቅዑ ከዜሮ በታች 19 ሆነው ያፈጥጣሉ። ፓይተን የአሉታዊ ቁጥርን ቀሪ ወደ አዎንታዊ ስለሚመልስ አበቅቴ 19፣ መጥቅዕ 11 ይላል። ድምራቸው 30 ነው፤ ምርመራው አለፈ። እውነተኛው አበቅቴ 18፣ መጥቅዑ 12 ነው፤ ቀሪ ሲጠፋ 19 እንደ ቀረ ተቆጥሮ ወንበሩ 18 መሆን ነበረበት።

ድምሩ ያላጋለጠውን የሚያጋልጠው ወንበሩን ራሱን ማየት ነው፤ ከ0 እስከ 18 ካልሆነ ወንበር አይደለም። የወንበር ዑደት 19 ዓመት ብቻ ስለሆነ ደግሞ ዐሥራ ዘጠኙንም በእጅ ሠርቶ ፕሮግራሙ ካወጣቸው ጋር ማስተያየት ከግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ማረሚያው አጭር ነው። ገድፎ አንድ ከመቀነስ ፈንታ ዓመተ ዓለሙ ላይ 18 ይጨመርና ለ19 ይካፈላል፤ ቀሪው ያለ ሌላ ቅናሽ ወንበር ይሆናል። ለ2016 10፣ ለ2024 18፣ ለ2025 0 ይወጣል፤ መጥቅዕ 0 ሲሆን 30 በል የምትል አንዲት መስመር ብቻ ትቀራለች።