እንቆቅልሽ፦ ይህን ያለው ማን ነው?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ተራራ ወጪዎችና ስለ ቃላቸው ነው።

በጎፋ የምትኖሩ፣ እስቲ ከደጃችሁ ወጣ በሉ። ወደ ሰሜን ተመልከቱ። ከከተማው ማዶ እንጦጦ አለ። በምዕራብ በኩል ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ ፉሪ ቆሟል። ተራራ ለእኛ ጎረቤት ነው። ተራራ የወጣ ሰው ግን ምን ይላል?

አባቶቻችን «ሰው በአንደበቱ፣ በሬ በቀንዱ ይያዛል» ይላሉ። እኛም ዛሬ ሰዎችን በአንደበታቸው እንይዛለን። ልጆች ሳለን ማታ ማታ እንቆቅልሽ እንጫወት አልነበር? ጠያቂው «እንቆቅልሽ!» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ!» ይላል። መልሱ ከጠፋው አገር ይሰጣል። እንግዲህ እኔ አንድ ሰው ያለውን እነግራችኋለሁ። እናንተ ማን እንደ ሆነ ንገሩኝ። ካቃታችሁ አገር ትሰጡኛላችሁ።

የእንቆቅልሻችን ተራራ ኤቨረስት ነው። በኔፓልና በቻይና ድንበር ላይ ይገኛል። ከፍታው 8,849 ሜትር ሲሆን፣ በዓለም ላይ ከእርሱ የሚበልጥ ተራራ የለም። እንጦጦን በእንጦጦ ላይ ብንደርብ እንኳ አይደርስበትም።

አንደኛ እንቆቅልሽ! በ1915 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር አንድ የኒውዮርክ ጋዜጣ አንድን ሰው «ኤቨረስትን ለመውጣት የምትፈልገው ለምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ሰውየውም «እዚያ ስላለ ነዋ» አለ። ማን ነው?

አቃታችሁ? አገር ስጡኝ! እንግሊዝን ሰጣችሁኝ። ሰውየው ጆርጅ ማሎሪ ይባላል፤ አስተማሪ ነበር። በ1916 ዓ.ም. ከጓደኛው ከአንድሩ ኧርቪን ጋር ወደ ጫፉ ሲወጣ ሁለቱም በዚያው ቀሩ። የማሎሪ አስከሬን የተገኘው ከ75 ዓመት በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም. ነው። ጫፉ ላይ ደርሶ እንደ ነበር እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም። ሰውየው በበረዶ ውስጥ ቀረ። አጭር መልሱ ግን በጋዜጣ ስለ ተጻፈ ይኸውና ጎፋ ድረስ መጣ።

ሁለተኛ እንቆቅልሽ! «የመጀመሪያዋ ሴት» ከመባል ይልቅ «ሠላሳ ስድስተኛው ሰው» መባልን የመረጠች ማን ናት?

አገር ስጡኝ! ጃፓንን ሰጣችሁኝ። ጁንኮ ታቤይ ናት። ጃፓናውያን ሴቶች ሆነው ተራራውን ለመውጣት ገንዘብ ሲለምኑ፣ «ሴት ቤቷ ተቀምጣ ልጅ ታሳድግ» ያሏቸው ነበሩ። እነርሱ ግን ሄዱ። በተራራው ላይ ሌሊት ተኝተው ሳሉ የበረዶ ናዳ ድንኳናቸውን ቀበረው። ጁንኮ ራሷን ስታለች፤ ጎትተው ያወጧት ሸርፓዎች ናቸው። ከ12 ቀን በኋላ፣ ግንቦት 8 ቀን 1967 ዓ.ም. ጫፉ ላይ ቆመች። ከእርሷ በፊት ጫፉን የረገጡት 35 ሰዎች ነበሩ፤ ሁሉም ወንዶች ናቸው። እርሷ ግን «ሴት ሆና» እንዲባልላት ሳይሆን፣ እንደ ማንኛውም ሰው በተራዋ እንድትቆጠር ፈለገች። በደንብ የታሰበበት ቃል አይደለም ትላላችሁ?

ሦስተኛው ከበድ ይላል። ይህን ሰው በሥራው እወቁት። ጫፉ ላይ ሲደርስ በረዶውን ጫር ጫር አደረገና ከኪሱ ያወጣውን ቀበረ። ከረሜላ ነበር። ትንሿ ልጁ የሰጠችው ቀይና ሰማያዊ እርሳስም ነበር። ማን ነው?

አገር አትስጡኝ፤ ይህን እኔው እነግራችኋለሁ። ቴንዚንግ ኖርጌይ ነው። ሸርፓ የሚባለው የሂማላያ ተራራ ሕዝብ ወገን ነው። ሥራውን የጀመረው የሰው ዕቃ በጀርባው ተሸክሞ ነው። ስድስት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። በሰባተኛው፣ ግንቦት 21 ቀን 1945 ዓ.ም. ከኤድመንድ ሂላሪ ጋር ጫፉ ላይ ወጣ። ሂላሪ የኒውዚላንድ ሰው ሲሆን ንብ አርቢ ነበር። ከእነርሱ በፊት ወጥቶ የተመለሰ ሰው አይታወቅም።

ያ እርሳስ የቀበረ ሰው ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር። ብዙ ቋንቋ ይናገራል፤ ፊደል ግን አልቆጠረም። ዓለም ሁሉ «መጀመሪያ የረገጠው ማን ነው?» እያለ ሲያስጨንቃቸው፣ ሁለቱም «አብረን ደረስን» ይሉ ነበር። በኋላ ቴንዚንግ ታሪኩን ለአንድ አሜሪካዊ ደራሲ ነገረው፤ ደራሲው ጻፈለት። በዚያ መጽሐፍ ቴንዚንግ «ቀድሞ የረገጠው ሂላሪ ነው» ብሎ እውነቱን ተናገረ። «እኔ ነኝ» ቢል ማን ያውቅበት ነበር? ቃሉ ሰውየውን አሳወቀን።

ሂላሪም በኋላ ሸርፓዎችን ምን ላድርግላችሁ ብሎ ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ፣ ልጆቻችን ዓይን እያላቸው አያዩምና ትምህርት ቤት ሥራልን አሉት። በ1953 ዓ.ም. በኩምጁንግ መንደር ትምህርት ቤት ተሠራ።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የመጨረሻው እንቆቅልሽ ይኸውና። ራስ ዳሸን 4,533 ሜትር ከፍታ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1841 ፌሬና ጋሊኒየ የሚባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ወጥተውታል። ጽፈው ስለ ተዉ ስማቸው በመጽሐፍ ይገኛል። የስሜን እረኞች ግን በዚያ ከፍታ ከብትና በግ ሲያግዱ ኖረዋል። ከእነርሱ መካከል ቀድሞ ጫፉ ላይ የቆመ ቢኖር ምን አለ? ከእንጦጦ ማገዶ በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት እናቶችስ ምን አሉ? ለዚህ አገር ብትሰጡኝም መልስ የለኝም። አልተጻፈማ!

እንግዲህ የጎፋ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ቴንዚንግ ቃሉን የሚጽፍለት ሌላ ሰው ፈለገ። እናንተ ግን ይህን እያነበባችሁ ነው። ዛሬ ማታ እርሳስ አንሡ። በሕይወታችሁ የወጣችሁት ዳገት የትኛው ነው? ልጅ ማሳደግ ይሆናል፤ ቤት መሥራት ይሆናል፤ በዚህ ዕድሜ ፊደል መቁጠርም ይሆናል። ስለ እርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጻፉ። ከበታቹ ስማችሁን አኑሩ። ከዚያም ስማችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ለጎረቤት አስነብቡና «እንቆቅልሽ! ይህን ያለው ማን ነው?» በሉ።

ደኅና ሁኑ።