ጠገራ ብር በሽፍታ ፊልም ውስጥ



የአሜሪካንን የወንበዴ ፊልም የሚመለከቱ አሮጌ ገንዘብ ሰብሳቢዎች አንድ ልማድ አላቸው፤ ይኸውም ተኩሱን ትተው በጠረጴዛው ላይ የሚቆጠረውን ኖት መመርመር ነው። ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1925 የሚፈጸም ከሆነ ኖቱ ሰፊው ዓይነት መሆን ይገባዋል፤ ትንሹ ለሕዝብ የወጣው በ1929 ነውና። በጀርባው ላይ «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የሚለው ቃል ከታየማ ስሕተቱ የባሰ ነው፤ ይህ ቃል በኖት ላይ የወጣው በ1957 ነው።

ይህን የመሰለ ዓይን ለኢትዮጵያ ፊልምም ያስፈልጋል። በ1930 ዓ.ም.፣ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ በአዊ ምድር በአዘና ገበያ የሚፈጸም የሽፍታ ታሪክ ይቀረጻል እንበል። ጽሑፉ «ሽፍታው አንድ ሺህ ብር ቀማ» ይላል። ዕቃ አቅራቢውም የወረቀት ብር እሽግ ይዞ ይመጣል። ያሳሳተው ቃሉ ነው። ዛሬ የሚታወቀው የወረቀት ብር መነሻ የ1937 ዓ.ም. ኖት ነው፤ ከዚያ አስቀድሞ ባንኮች ያወጧቸው ኖቶችም ከከተማ ርቀው ብዙ አልተጓዙም። የባላገሩ ብር ጠገራው፣ የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር።

አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሺው 28 ኪሎ ነው! ስለዚህ ከረጢቱን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አጥር የሚዘል ሽፍታ ባዶ ከረጢት እንደያዘ ተመልካቹ ያውቅበታል። የአዊ ፈረስ በከንቱ አልተፈጠረም፤ ይጫን። ሻጩም ቢሆን ብሩን ሳያገላብጥ ወደ መቀነቱ አይከትም፤ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ሉሎች አይቶ፣ ያለቀ የፈዘዘውን ይመልሳል።

ሊሬስ? ወራሪው ሊሬን በጠገራው ቦታ ሊተካ ፈልጎ ነበር። ሆኖም የሕዝቡን እምነት ስላላገኘ ራሱ ጠገራ ማተም ግድ ሆነበት፤ የማተሚያውን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ1935 ከኦስትሪያ ተቀብሎ በሮማ ያሳትም ነበር። ሊሬ የዘረጋ ሹምና እጁን ያልዘረጋ ገበሬ በአንድ ትዕይንት ቢገናኙ ከብዙ ተኩስ ይልቅ ስለ ዘመኑ ይናገራሉ።

በገንዘቡ ላይ የተጻፈውን ዓመት ማመንም አደጋ አለው። ጠገራው መቼም ይታተም መቼ 1780 ይላል። በ1937 የወጡት ሳንቲሞችም 1936 ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የታተሙትም እንዲሁ።

እውነተኛውን ጠገራ የሚሻ አቅራቢ ብር ሠሪዎችን ቢጠይቅ አያጣም። የአንገት ጌጥ ሆኖ ማንጠልጠያ የተበየደበትን ግን ለሽፍታው እንዳይሰጠው።