ብግነትን የሚያበርደው ክኒን፤ ስለ ፕሬድኒሶሎን ጥቅምና ጥንቃቄ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ለካህናትና ለጸበል ቦታ አገልጋዮች በተዘጋጀ የጤና ግንዛቤ ሥልጠና ላይ በኮሚሽኑ የፕሮጀክት ኦፊሰር በሆኑ ዲያቆን የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ክኒን ነው። ስሟ ፕሬድኒሶሎን ይባላል። ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊ ግራም መጠን ተዘጋጅታ ትመጣለች፤ ዋጋዋም ከብዙ መድኃኒቶች ጋር ሲነጻጸር ከባድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አገር መሠረታዊ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው መድኃኒቶች አንዷ ናት። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የማቀርብላችሁም ከጤና ባለሙያዎች የተማርነውንና በተለይ እኛን የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮችን የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ለምን ወደ ሰበካ ጉባኤ መጣ የሚል ይኖር ይሆናል። የመጣው ሕመምተኛው ከሐኪም ቤት ሲወጣ የሚያማክረው የንስሐ አባቱን ስለሆነ ነው። «አባ፣ ሱባኤ ልገባ ነውና ክኒኑን ልተወው?» ብሎ የሚጠይቀው እናንተን ነው። «ዐቢይ ጾም ሊገባ ነው፣ ጠዋት የምውጠውን ምን ላድርገው?» የሚለውም ለእናንተ ነው። በብዙ መድኃኒት ላይ የተሳሳተ መልስ የሚያደርሰው ጉዳት ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። በዚህ መድኃኒት ላይ ግን የአንዲት ቃል ስሕተት በጥቂት ቀናት ውስጥ ነፍስ ልታስጠፋ ትችላለች።

አስቀድመን አሠራሩን እንይ። እግዚአብሔር በሰው አካል ውስጥ ያኖረው የመከላከል ኃይል በከተማ በር ላይ እንደ ቆመ ዘበኛ ነው፤ ተሐዋስያን ሲገቡ ይነሣል፣ ይዋጋል። በተዋጋበትም ስፍራ እብጠት፣ መቅላት፣ ትኩሳትና ሕመም ይታያል፤ ባለሙያዎች ይህን ብግነት ይሉታል። ብግነት በልኩ ሲሆን መዳኛ ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ዘበኛው የከተማውን ሰው ከጠላት መለየት ይሳነዋል፤ የገዛ አካሉን መገጣጠሚያ፣ ኩላሊት፣ ቆዳ ወይም ነርቭ ይወጋል። ፕሬድኒሶሎን የሚሰጠው ይህን ከልክ ያለፈ ውጊያ ለማብረድ ነው። ከዚህ ላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ፤ መድኃኒቱ የዘበኛውን ቁጣ ሲያበርድ መልካሙን ቁጣና ክፉውን ቁጣ ለይቶ አያበርድም። ጥቅሙም አደጋውም ከዚህ ከአንዱ ምንጭ ይቀዳሉ።

የዚህ ወገን መድኃኒት መነሻ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ነው። በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች የተባሉ ሐኪም በመገጣጠሚያ ብግነት አልጋ ላይ ለወደቀች ሴት ኮርቲሶን ሰጧት፤ በጥቂት ቀናትም ተነሥታ ሄደች። ከሁለት ዓመት በኋላ ሄንች ከኬንዳልና ከራይክስታይን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ደስታው ግን ብዙም ሳይቆይ ተቀዛቀዘ፤ መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ጉዳቱ መታየት ጀመረና። ሕክምናው ከዚያ ወዲህ የሚታገለው ትንሹን የሚበቃ መጠን ለማግኘትና ለአጭሩ የሚበቃ ጊዜ ለመስጠት ነው።

በአገራችን ለምን ለምን ይታዘዛል? ለከባድ የአስም ግርሻ፣ ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ ሉፐስ ለተባለው ሕመም፣ ለአንዳንድ የቆዳና የዐይን ሕመሞች ይሰጣል። ኩላሊታቸው ፕሮቲን እያፈሰሰ ፊታቸውና እግራቸው ለሚያብጥ ሕፃናትም የመጀመሪያው መድኃኒት ይኸው ነው። የቅርብ ዘመዱ የሆነው ዴክሳሜታሶን በኮቪድ ዘመን በኦክስጅን ከሚረዱ ሕሙማን መካከል የብዙዎችን ሕይወት እንዳተረፈ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. በብሪታንያ የተደረገ ትልቅ ጥናት አሳይቷል።

በሥጋ ደዌ ላይ ግን ጥቂት ልቆይ፤ ይህ ሕመም ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ርቆ አያውቅምና። እ.ኤ.አ. በ1965 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አለርት ከተመሠረተበት ዘመን ወዲህ የሕክምናው ታሪክ እጅግ ተለውጧል፤ ዛሬ የሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወራት የተቀናጀ መድኃኒት ይድናል። ነገር ግን ሕክምናው ሲጀመር፣ በመካከሉ፣ ከተፈጸመም በኋላ ሳይቀር የሰውየው የመከላከል ኃይል በድንገት ተነሥቶ በነርቮቹ ላይ ሊዘምት ይችላል። እጅ ይዝላል፣ እግር ይንጠለጠላል፣ ዐይን መከደን ያቅተዋል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «በሽታው ተመለሰ» ወይም «መድኃኒቱ ጎዳው» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ሁለቱም አይደለም። ይህ የብግነት ማዕበል ነው፤ ሰውየውም ፈጥኖ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ ከስድስት ወር በፊት፣ ፕሬድኒሶሎን ቢጀምር የነርቩን ሥራ መመለስ ይቻላል። ከዚያ ካለፈ የጠፋው ነርቭ የሚመለስበት ዕድል ጠባብ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ የሚኖሩ ወገኖቻችን ጣታቸው እየታጠፈ ወይም እግራቸው እየደነዘዘ መሆኑን ቢነግሯችሁ ቀኑን ሳታሳድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩልኝ። እንግዲህ ቀጥሎ አደጋውን ስናገር ማንም ፈርቶ መድኃኒቱን እንዳይጥል ይህን አስቀድሜያለሁ።

አሁን ወደ አደጋው እንሂድ። ሁሉን አልዘረዝርም። ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ አጥንትን ያሳሳል፤ በዐይን ላይ ሞራ ሊያመጣ፣ ግፊትም ሊጨምር ይችላል፤ እንቅልፍ ይነሣል፤ አንዳንዱንም ከጠባዩ ውጭ ያስደስተዋል ወይም ያስቆጣዋል። ይህን የመጨረሻውን መንፈስ ነው ብለን እንዳንቸኩል አደራ። ለሕመም ማስታገሻ ተብለው በየሱቁ ከሚገዙት ከዳይክሎፌናክና ከአይቡፕሮፌን ጋር ሲደረብ የጨጓራ ቁስልና መድማት ያመጣል። ፊትም ይሞላል፣ ጉንጭ ይከብባል። ጎረቤት ይህን አይቶ «ተስማማው፣ ወፈረ» ይላል! የተስማማው ግን ሳይሆን መጠኑ የከበደበት ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ሁለት ነገሮችን እንድትይዙ እለምናለሁ። የመጀመሪያው ተሐዋስያን የሚያገኙት ዕድል ነው። ዘበኛው ሲተኛ ተደብቆ የነበረ ጠላት ይነሣል። በአገራችን ብዙ ሰው የቲቢን ተሐዋሲ ሳይታመም በአካሉ ተሸክሞ ይኖራል፤ በቀን 15 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለወር ያህልና ከዚያ በላይ የሚወስድ ሰው ያ የተኛው ቲቢ እንዳይነሣበት መጠንቀቅ አለበት። አልማዝ ባለጭራም በእንዲህ ያለ ጊዜ ይበዛል። በባዶ እግር ከአፈር ወደ ሰውነት የምትገባ አንዲት የአንጀት ትል አለች፤ ሳትታወቅ ለብዙ ዓመታት ትኖራለች፣ መድኃኒቱ ሲበዛ ግን ተራብታ በአካል ሁሉ ትሠራጫለች፤ ይህም ገዳይ ነው። ስለዚህ በገጠር አጥቢያ የሚኖር ሰው መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ባዶ እግሩን እንደሚሠራ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል። ደግሞም መድኃኒቱ ትኩሳትንና ሕመምን ይሸፍናል፤ ታማሚው ብዙም ሳያተኩሰው በከባድ ሕመም ውስጥ ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለ መጠን የሚወስድ ሰው እንደ ኩፍኝ ክትባት ያሉ ሕያው ክትባቶችን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይወስድም።

ሁለተኛው በድንገት ማቆም ነው፤ ለእኛ ዋናው ይህ ነው። ከኩላሊታችን በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። ሰውነት ጭንቀትን፣ ረኃብን፣ ሕመምን የሚቋቋምበትን ቅመም በየዕለቱ የሚያመነጩ እነርሱ ናቸው። ክኒኑ ከውጭ ሲገባ ግን ዕጢዎቹ «ሥራችን ተሠርቷል» ብለው ያርፋሉ። ከሦስት ሳምንት በላይ ካረፉ ወዲያው አይነቁም፤ ለመንቃት ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ይፈጅባቸዋል። ሐኪሞች መጠኑን ደረጃ በደረጃ የሚቀንሱት ስለዚህ ነው። ሰውየው በአንድ ቀን ቢያቆመው በአካሉ ውስጥ ከውጭ የገባም ከውስጥ የመነጨም የለም። ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ሆዱን ያመዋል፣ ሲነሣ ያዞረዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፣ ራሱን ይስታል።

ከአጥቢያዎቻችን በአንዱ የሆነውን ልንገራችሁ። በቁርጥማት ሁለት ዓመት ያህል ይህን ክኒን ስትወስድ የቆየች እናት ለሰባት ቀን ሱባኤ ወደ ጸበል መጣች። «እምነቴ ጎደሎ እንዳይሆን» ብላ ክኒኑን በቤቷ ትታ ነበር። በአራተኛው ቀን ማስታወክ ጀመራት፤ በአምስተኛው መነሣት አቃታት። አብረዋት የነበሩት ሰዎች ክፉው መንፈስ ሊወጣ እየታገለ ነው ብለው ጸበሉ እንዲበረታላት ለመኑ። አጥማቂው ካህን ግን ተጠራጠሩና ልጇን ለብቻው ጠርተው «እናትህ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ብለው ጠየቁት። ስሙን በሰሙ ጊዜ ወዲያው በወሳንሳ አስይዘው ወደ ሆስፒታል ላኳት። እዚያም ሃይድሮኮርቲሶን በመርፌና ፈሳሽ በደም ሥር ተሰጣት፤ በማግሥቱ ተቀምጣ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ተመልሳ ሱባኤዋን ፈጽማለች፤ ክኒኗን ይዛ።

እኚህ ካህን ያደረጉት ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት የወጣ አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ባለ መድኃኒትን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጠ እንደሆነ ያስተምራል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በ1990ዎቹ መጨረሻ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል እንደማይጋጩ፣ ሕሙማን ሁለቱንም አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። ያ ትምህርት ለብዙዎች ሕይወት ሆኗል። ስለ ፕሬድኒሶሎን ግን በየጸበሉ ቦታ ገና አልተነገረም፤ የእኔም ስጋት ይህ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ጉዳቱ በወራት ይታያል፤ ይህን ያቋረጠ ግን ሱባኤውን ሳይፈጽም ሊወድቅ ይችላል።

ስለ ጾም። ፕሬድኒሶሎን አብዛኛውን ጊዜ ጠዋት ከምግብ በኋላ ይወሰዳል። ጠዋት የሆነበት ምክንያት የሰውነት የራሱ ቅመም በተፈጥሮ ከፍ የሚለው በማለዳ ስለሆነና በመሸ ጊዜ የተወሰደ እንደሆነ እንቅልፍ ስለሚነሣ ነው፤ ከምግብ ጋር የሆነውም ለጨጓራ ነው። እንግዲህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ከሦስት አንዱን ያደርጋል፤ በባዶ ሆዱ ይውጠዋል፣ ወይም ወደ ማታ ያሸጋግረዋል፣ ወይም ጨርሶ ይተወዋል። ሦስቱንም የሚያደርገው ማንንም ሳይጠይቅ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲደነግግ የሕሙማንን ድካም ከግምት ያስገባ መሆኑን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። ሕመምተኛው ራሱ መጥቶ እስኪጠይቅ ድረስ ሳንጠብቅ የንስሐ አባት ከጾሙ መግቢያ በፊት ባለው ሳምንት ልጆቹን ጠርቶ መድኃኒት የሚወስደውን ቢለይ፣ ለዚያም ሰው የጠዋቱን ቁራሽ በግልጽ ቃል ቢፈቅድለት፣ ሰውየው በኅሊና ወቀሳ ተይዞ በስውር ከመተው ይድናል። የሰዓቱን ለውጥ የሚፈቅደው ግን ሐኪሙ ነው። ከወተትና ከዕንቁላል በምንከለከልበት ወራትም አጥንት እንዳይጎዳ ጎመንና የጤፍ እንጀራ እንዳይጓደል ይመከር፤ ጨው ይቀነስ።

ስለ ሽያጭም አንድ ቃል። ባለፈው ዓመት የተሻለው ሰው የቀረውን ክኒን ለጎረቤቱ ይሰጣል፤ «እኔን ወዲያው ነው ያስነሣኝ» ይላል፤ እውነቱንም ነው። ቁርጥማት ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ የጎረቤቱ ቁርጥማት ከቲቢ የመጣ ቢሆንስ? ቆዳ ለማቅላት ተብለው የሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶችም የዚሁ ወገን መድኃኒት አለባቸው። ፊትን ያሳሳሉ፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲቀቡም ወደ ደም ይገባሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት እኅቶቻችን ይህን እንዲያውቁት ይሁን።

ከእናንተ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። በጸበል ቦታ የመዝገብ ሥራ የሚሠሩ አገልጋዮች እንግዳ ሲቀበሉ ስሙንና አድራሻውን ከጻፉ በኋላ የሚወስደው መድኃኒት ካለ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚወስድ፣ በእጁም ይዞት እንደ መጣ ይጠይቁ። ሳይዝ የመጣ እንደሆነ የቤተሰቡ ሰው በዚያው ቀን ያምጣለት። ክኒኑ ባይታወቃችሁ ማሸጊያውን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወይም ለጤና ጣቢያ አሳዩ። ይህን መድኃኒት ከሦስት ሳምንት በላይ የሚወስድ ሰው ስሙና መጠኑ የተጻፈበት ወረቀት ከመታወቂያው ጋር ይያዝ፤ ራሱን ቢስት ሌላ ሰው ያነብለታልና። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ሲይዘው መጠኑን ማሳደግ እንጂ መተው እንደማይገባው፣ ክኒኑ ካልረጋለት ደግሞ በዚያው ሰዓት መርፌ ወዳለበት ቦታ መሄድ እንዳለበት ሐኪሙ ነግሮት እንደ ሆነ ጠይቁት።

ከሰዓት በኋላ በሚኖረው ክፍለ ጊዜ የጤና ጣቢያው ባለሙያ ይገኛሉ፤ በየአጥቢያችሁ ያያችኋቸውን ሁኔታዎች ስም ሳትጠሩ ብታቀርቡላቸው መልስ ይሰጧችኋል። ስለ ጾሙ ሰዓት ያላችሁን ጥያቄ በተለይ አዘጋጁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።