ዛፍ የሚመለምልና የሚገነድስ ሰው ስለ መቅጠር

ለመንደር ትምህርት ቤት መምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ

ሰው ቤት ሊያሠራ ሲያስብ የአናጢውን ሙያ ይጠይቃል፤ ልብስ ሊያሰፋም ሲሻ የሰፊውን እጅ ይመረምራል። ዛፍ ለማስቈረጥ ሲነሣ ግን ምሳር የያዘውን ሁሉ ባለሙያ አድርጎ ይቈጥራል። ቤት ቢበላሽ ፈርሶ ይሠራል፤ ልብስም ቢበላሽ ተተርትሮ ይሰፋል። መቶ ዓመት የኖረ ወይራ ግን በአንድ ቀን ቢበላሽ የጎልማሳ ዕድሜ አይበቃም የሚመልሰው።

ይህ ነገር ለተጂና ለአካባቢዋ ይልቁን ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ የሚሄድ መንገደኛ በበቾ ሜዳ ሲያልፍ የሚያየው አብዛኛው የጤፍና የሽምብራ እርሻ ነው፤ ረጃጅም ዛፍ የሚታየው በመንደሩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በትምህርት ቤቱ አጥር ዙሪያ ነው። ይኸውም ዛፉ ሰውና ቤት ካለበት ስፍራ አይርቅም ማለት ነው። መሬቱም መረሬ ነው። መረሬ በበጋ ደርቆ ሲሰነጠቅ ሥሩን ይበጥሳል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ሲላቍጥ ደግሞ ሥሩን አጥብቆ መያዝ ይሳነዋል። ስለዚህ አንድ ዘመም ያለ ባሕር ዛፍ በነሐሴ ነፋስ ከነሥሩ ተነቅሎ በመማሪያ ክፍል ጣራ ላይ ቢወድቅ እንደ ድንገተኛ ነገር ሊቈጠር አይገባውም፤ አስቀድሞ ይታይ የነበረ ነውና።

ባሕር ዛፍ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ነው። በዚያ ወራት አዲስ አበባ ማገዶ አጥታ ስለ ነበር ንጉሠ ነገሥቱ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ሥራ አስጀምረው ነበር። ባሕር ዛፉ ፈጥኖ ስለ ደረሰ ግን ከተማዪቱ በቦታዋ ጸናች፤ ዛፉም ወደ ሱሉልታ፣ ወደ ቡራዩና ወደ ሰበታ ተስፋፋ። የእነዚህ አገሮች ቈራጮችም ሙያቸውን የተማሩት በእርሱ ላይ ነው። ባሕር ዛፍ ከመሬት አጠገብ ቢቈረጥ ከጉቶው ያቈጠቍጣል፤ በጥቂት ዓመትም ውስጥ እንደ ገና ለአጥርና ለማገር ይደርሳል። ስሕተቱም የመጣው ከዚህ ነው፤ ብዙዎቹ ቈራጮች ዛፍን ሁሉ ባሕር ዛፍ ይመስላቸዋል። ወይራ ቢቈረጥ ያቈጠቍጣል። ጽድ ግን ከጉቶው አያቈጠቍጥም፤ ተቈረጠ ማለት ሞተ ማለት ነው። ከሰበታ በላይ በወጨጫ ተራራ ያለውን የመናገሻን የጽድ ደን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ተብሎ ይነገራል፤ እንግዲህ ቢሰላ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ነው። ቈራጩ ሲመጣ «ይህ ዛፍ ከተቈረጠ በኋላ ምን ይሆናል?» ተብሎ ቢጠየቅና መልስ ቢያጣ፣ መጥረቢያው ምንም ስለት ቢኖረው አይቀጠር።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የዋጋው ነገር ነው። ብዙ ሰው እንጨቱን ለቈራጩ ሰጥቶ «ገንዘብ ሳላወጣ ተቈረጠልኝ» ብሎ ደስ ይለዋል። ይህ ሰው ሳያውቀው ዛፉን ሸጦታል። ዋጋው እንጨቱ የሆነ ቈራጭ አንድ ደረቅ ቅርንጫፍ ሊያወርድ ተጠርቶ ሳለ ግንዱን ሁሉ የታመመ አድርጎ ይናገራል፤ መመልመል የሚበቃውን ይገነድሳል፤ ክፉ ሰው ስለ ሆነ አይደለም፣ ውሉ እንዲህ ስለሚያደርገው ነው እንጂ። በወንጌል ፍሬ ስላጣችው በለስ የተነገረው ምሳሌ ይታሰብ። ጌታው እንድትቈረጥ ባዘዘ ጊዜ አንድ ዓመት የለመነላት፣ ዙሪያዋንም ቈፍሮ ፍግ ሊያደርግላት የወደደ ያ ተቀጥሮ የሚሠራ አትክልተኛ ነው፤ ስለ እንጨቷ ግን አንዳች አላነሣም። ስለዚህ የሥራው ዋጋ በገንዘብ ይቈረጥ፤ እንጨቱም ለባለቤቱ ወይም ለትምህርት ቤቱ ይቅር። ቈራጩ እንጨቱን ከፈለገ ሥራው ካለቀ በኋላ እንደ ማንኛውም ገዥ በሌላ ዋጋ ይግዛ።

የመልማዩን ሙያ ለማወቅ ወሬ አይበቃም። ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በፊት የመለመለው ዛፍ የት እንዳለ ይጠየቅና ሄዶ ማየት ነው፤ ለዚህም ከመምህሩ ይልቅ ሽማግሎች ይሻላሉ፤ ማን በማን ደጅ እንደ ሠራ የሚያውቁ እነርሱ ናቸውና። ቅርንጫፍ ከግንድ በሚወጣበት ስፍራ እንደ ልብስ አንገትጌ ያበጠ ነገር አለ። ዐዋቂ መልማይ ያን አንገትጌ ሳይነካ ከእርሱ ወደ ውጭ ጠጋ አድርጎ ይቈርጣል፤ ቍስሉን የሚከድነው አዲስ ቅርፊት የሚነሣው ከዚያ ነውና። እንዲህ የተቈረጠ ቍስል ከዓመት በኋላ እንደ ቀለበት ዙሪያውን እየተከደነ ይታያል። አላዋቂ ግን ወይ ከግንዱ ጋር አስተካክሎ ይልጠዋል፣ ወይ ረጅም ጉማጅ ይተዋል፤ ጉማጁም በስብሶ መበስበሱን ወደ ግንዱ ያገባዋል። ከባድ ቅርንጫፍ ሲሆን ደግሞ ዐዋቂው አስቀድሞ ከታች ወደ ላይ ጥቂት ይቈርጣል፤ ቀጥሎ ከዚያ ወደ ውጭ ራቅ ብሎ ከላይ ቈርጦ ይጥለዋል፤ የቀረውንም በመጨረሻ በአንገትጌው አጠገብ ያስተካክላል። ያለዚያ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ገፎ ይሄዳል።

ቍስሉን በጭቃ ወይም በእበት መለሰን የቈየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን አይረዳም። በአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው አሌክስ ሺጎ ብዙ ዛፎችን በመጋዝ እየሰነጠቀ መርምሮ እንዳስረዳው፣ ዛፍ የቈሰለ አካሉን እንደ ሰው ሥጋ አያድንም፤ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋዋል እንጂ። እበቱ አጥሩን አይሠራለትም። የትልቅ ዛፍ አናት ይቈረጥ የሚል መልማይም ይጠርጠር፤ በአናቱ ምትክ የሚያቈጠቍጡት ቅርንጫፎች በደንብ ስለማይያዙ በኋላ በቀላሉ ይገነጠላሉ። በአንድ ጊዜም ከቅርንጫፉ ከአራት እጅ አንዱን አልፎ መቍረጥ ዛፉን ያስርበዋል።

መገንደስ የግድ ሲሆን ግን ነገሩ የሰው ሕይወት ነው። ዘመም ያለ ዛፍ ሁልጊዜ ገመድ እንደ ጎተተው አይወድቅም። ባለሙያው የሚወድቅበትን አቅጣጫ አይቶ በዚያ በኩል አፍ ያወጣለታል፤ በስተኋላው ሲቈርጥ ደግሞ በመካከል እንደ መዝጊያ ማጠፊያ የሚያገለግል ጥቂት እንጨት ሳይቈረጥ ይተዋል፤ የሚሸሽበትንም መንገድ አስቀድሞ ይመነጥራል። የዛፉ ቁመት ሁለት እጥፍ በሚሆን ርቀት ውስጥ ማንም እንዳይቆም ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሥራው ትምህርት በሌለበት ቀን ይሁን። ልጅ የዛፍ ውድቀት ማየት ይወዳል፤ በአጥር ቀዳዳ ሾልኮ እንዳይገባ የሚጠብቅ ሰው ይመደብ። የኤሌክትሪክ ሽቦ አጠገብ ካለ ግን ማንኛውም መንደርተኛ፣ ምንም ደፋር ቢሆን፣ አይውጣ፤ አስቀድሞ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት መሥሪያ ቤት ይነገር።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጽድን ለይቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር፤ ከዚያም ወዲህ በ1999 እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች ወጥተዋል። ስለዚህ ዛፉ አገር በቀል ከሆነ በትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ቢሆንም እንኳ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ይጠየቅ።

ውሉን መምህሩ ይጻፈው፤ ሁለት ሽማግሎችም ይመስክሩበት። በእርሱም የትኛው ዛፍ እንደሚመለመል፣ የትኛው እንደሚገነደስ በስሙና በቦታው ይጻፍ፤ በግንዱም ላይ ምልክት ይደረግ። ጣራ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል፣ ሠራተኛው ቢወድቅ ማን እንደሚያሳክመው ሳይጻፍ አይቅር። ይህን መጻፍ ሟርት የሚመስላቸው አሉ፤ ይሁን እንጂ ከዛፍ ወድቆ የተሰበረ ሰው በቤቱ የሚጠብቁት ልጆች እንዳሉት ሊታወቅ ይገባል። የተገነደሰው ባሕር ዛፍ ከሆነና ጉቶው እንዲያቈጠቍጥ ከተፈለገ ደግሞ፣ ያው ሠራተኛ ከዓመት በኋላ ተመልሶ ከቀንበጦቹ ጠንካሮቹን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርቶ ሌሎቹን እንዲያነሣ፣ የዚያም ቀን ዋጋ ከአሁኑ ተቈርጦ በዚያው ውል ላይ ይግባ።