ኮምፒውተሩ ሲታደስ መዝገቡ እንዳይጠፋ
(በዕድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊው የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ባለፈው ወር ስላደረስነው ጥፋት ነው። ወሬውን ሰምታችኋል፤ ነገሩን ደግሞ ከኔ ስሙት።

የዕድሩ መዝገብ ያለበት ኮምፒውተር አሮጌ ነው። «ዋናው ፕሮግራም ጊዜው አልፎበታል፣ ይታደስ» ተባለ። ምክሩስ ልክ ነበር። ዊንዶውስ 10 የሚባለው እንኳ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። እኛ ግን መዝገቡን ሳንገለብጥ አሳደስን። በማግሥቱ የአማርኛ መጻፊያው ገና ሲከፈት ይዘጋል፤ መዝገቡም የፈረንጅ ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ወጣ።

በዚያው ሳምንት ከመካከላችን አንዲት እናት ባለቤታቸውን ቀበሩ። መዋጮአቸውን ከፍለው ሳለ የከፈሉበትን ማየት አቅቶን ገንዘቡ ሦስት ቀን ዘገየባቸው። በእናንተ ፊት ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ።

መዝገቡ ግን አልጠፋም ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የኮምፒውተር ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበረው አሠራር ሀሁ የሚቀመጠው በኤቢሲዲ ቦታ ላይ ነው። ፎንት የሚሉት የፊደሉ ቅርጽ ከኮምፒውተሩ ሲወጣ፣ ከሥር ያለው ኤቢሲዲ ብቻ ይታያል። ፎንቱ ተመልሶ ሲጫን የሁላችንም ስም ተመለሰ። መጻፊያውም አዲሱ እትም ሲጫንለት መዘጋቱን ተወ።

ይህ በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ በዓለም ዙሪያ 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን አቁሞ፣ የአውሮፕላን በረራ ሳይቀር አስተጓጉሏል።

እንግዲህ ኮምፒውተር ያላችሁ ሁሉ ይህን ያዙ።

1ኛ/ ከማሳደስ በፊት ጽሑፋችሁን በፍላሽ ገልብጡ። ፎንቱንና የፕሮግራሙን መጫኛ አብራችሁ አስቀምጡ።

2ኛ/ መብራት በሚቆራረጥበት ቀን አትጀምሩት፤ መሐል ላይ ከጠፋ ሌላ ብልሽት ያመጣል።

3ኛ/ ፕሮግራም እየተዘጋ ካስቸገረ፣ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ወረቀት ላይ ጻፉት። አጥፍታችሁ አብሩ፤ እምቢ ካለ አዲሱን እትም ጫኑ። ባንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ አለዚያ የቱ እንዳዳነው አይታወቅም።

4ኛ/ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ያሳደገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 10 ቀን ድረስ ወደ ቀድሞው መመለስ ይችላል። ስለዚህ አትቆዩ።

5ኛ/ «ፎርማት ላድርገው» የሚላችሁን ባለሙያ፣ ጽሑፉ ሳይገለበጥ እሺ አትበሉት። ያኔ ነው እውነተኛው መጥፋት።

በኛ በኩል ከእንግዲህ መዋጮ በኮምፒውተርም በደረቅ መዝገብም ይጻፋል። እናንተም ደረሰኛችሁን አትጣሉ፤ ይዛችሁ እየመጣችሁ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሐዘን ቤት ተቀምጦ መዝገብ ከመፈለግ ይሰውረን።



የዕድሩ ጸሐፊ