የባስራው ሊቅና የፍሎሬንስ ሰዓሊዎች

   

ልጆቻችን በታሪክ ትምህርት ስለ አውሮፓ የህዳሴ ዘመን ይማራሉ። የሚሰሙት ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ አውሮፓ ለረጅም ዘመን በጨለማ ኖረች፤ በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን በጣሊያን ከተሞች ነቃች፤ የጥንት ግሪኮችንና ሮማውያንን መጻሕፍት አገኘች፤ ለሰው ልጅ ክብር የሚሰጥ አስተሳሰብ ተስፋፋ፤ ሰዓሊዎችም ሰውንና ተፈጥሮን ልክ ዓይን እንደሚያየው መሳል ጀመሩ። ልጁ ከዚህ ትምህርት ሁለት ነገር ይዞ ቤት ይገባል። አንዱ «ያኔ እኛ የት ነበርን?» የሚል ጥያቄ ነው። ሌላው፣ ማንም በግልጽ ባይነግረውም፣ «ሰው የሚከበረው ፈጣሪውን ሲተው ነው» የሚል ግምት ነው። ይበልጥ የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው።

በመጀመሪያው እንጀምር። አቡ ዐሊ አልሐሰን ኢብኑል ሀይሰም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ965 ገደማ በባስራ ተወልዶ በ1040 ገደማ በካይሮ ያረፈ ሊቅ ነው። «ኪታቡል መናዚር» የተባለው ሥራው ስለ ብርሃንና ስለ ማየት የሚናገር ሰባት ክፍሎች ያሉት መጽሐፍ ነው። ከእርሱ በፊት እንደ ኤውክሊድና በጥሊሞስ ያሉ የግሪክ ሊቃውንት የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነገሩን ስለሚነካ ነው ይሉ ነበር። ኢብኑል ሀይሰም ይህን አልተቀበለም። ኃይለኛ ብርሃን ስናይ ዓይናችን ይታመማል፤ እንግዲያው ብርሃኑ ወደ ዓይን ይገባል እንጂ ከዓይን አይወጣም አለ። በቃል ብቻም አልተወውም። መብራቶችን ደርድሮ ብርሃናቸው በአንዲት ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል እንዲገባ አደረገ፤ በግድግዳው ላይ የእያንዳንዱ መብራት ብርሃን ለብቻው ታየ። አንዱን መብራት ሲጋርድ የዚያ ብቻ ጠፋ። ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚጓዝ፣ የአንዱ ብርሃን ከሌላው ጋር እንደማይደባለቅ በዚህ አሳየ።

ከዚህም አልፎ፣ ማየት በዓይን ብቻ እንደማያልቅ ጻፈ። አእምሮ ያገናዝባል፣ ይመዝናል፣ ይፈርዳል። የአንድን ነገር ርቀት የምንገምተው በእኛና በእርሱ መካከል በተዘረጋው መሬትና በላዩ በተደረደሩት፣ መጠናቸውን በምናውቃቸው ነገሮች ነው አለ። እስቲ የዚያን ዘመን የጣሊያን ሥዕሎች ልብ በሉ። በብዙዎቹ ላይ ወለሉ በአራት ማዕዘን ንጣፍ የተሸፈነ ነው፤ ንጣፉ እየራቀ ሲሄድ እያነሰ ይመጣል፤ ተመልካቹም ጥልቀት ያለው አዳራሽ የሚያይ ይመስለዋል።

መጽሐፉ ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ወደ ጣሊያንኛ ተመለሰ። በፍሎሬንስ የታወቁትን የነሐስ በሮች የሠራው ሎሬንዞ ጊቤርቲ (በ1455 ሞተ) በመጨረሻ ዕድሜው ስለ ሥነ ጥበብ ሲጽፍ ከዚሁ ትርጉም ብዙ ወስዷል። ሌኦን ባቲስታ አልቤርቲ ስለ ሥዕል የጻፈውን መጽሐፍ በ1435 ሲያወጣም የማየት ሳይንስ በአውሮፓ የሚጠናው በአብዛኛው በኢብኑል ሀይሰም መሠረት ላይ ነበር።

ይሁንና ልጃችን ፊት «ሁሉም የእኛ ነው» ብለን አንመጻደቅ። ኢብኑል ሀይሰም የጻፈው ለሰዓሊዎች አይደለም። ያንን እውቀት ለሥዕል ሕግ ያደረጉት ብሩኔሌስኪንና አልቤርቲን የመሰሉ የፍሎሬንስ ሰዎች ናቸው። የሌላውን ድርሻ መካድ የእኛን አያሳድገውም። እንዲያውም ኢብኑል ሀይሰም ራሱ በጥሊሞስን በተቸበት መጽሐፉ እውነት ፈላጊ በቀደምት ሊቃውንት ስም ሳይሸነፍ የሚያነበውን ሁሉ እንዲመረምር፣ ራሱንም እንዲጠረጥር ይመክራል።

አሁን ወደ ሁለተኛው እንሂድ። በዚያ ዘመን «ሁማኒስት» የሚባለው ሃይማኖቱን የካደ ሰው አልነበረም። ሰዋስው፣ ንግግር፣ ታሪክ፣ ግጥምና ሥነ ምግባር የሚያስተምር ምሁር ነበር፤ አብዛኞቹም ክርስቲያኖች ናቸው። ከእነርሱ መካከል ፔትራርካ (1304-1374) ዐረቦችን አጥብቆ የሚጠላና ጥላቻውንም በደብዳቤው የጻፈ ነበር። በአንጻሩ ፒኮ ዴላ ሚራንዶላ በ1486 ስለ ሰው ክብር ያዘጋጀውን ዝነኛ ንግግር የጀመረው በማን ይመስላችኋል? በአንድ ሙስሊም! በዐረቦች መጻሕፍት እንዳነበበው ዐብዱላህ የሚባል ሰው በዓለም ላይ እጅግ የሚያስደንቀው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከሰው የበለጠ የሚያስደንቅ የለም ብሎ መለሰ ይላል።

ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) የአደምን ልጆች እንዳከበራቸው በሱረቱል ኢስራእ አንቀጽ 70 ነግሮናል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በፒኮ ንግግር ውስጥ ሰው የተወሰነ ቦታ የለውም፤ የሚሆነውን ራሱ ይመርጣል። በእኛ ዘንድ ግን ክብሩ ከአማና ጋር የመጣ ነው። ሰው በምድር ላይ ኸሊፋ ሲሆን ስለያዘው ይጠየቃል። ልጁ ይህን ካወቀ የሰውን ክብር ለመቀበል ከአላህ መራቅ እንደማያስፈልገው ይገባዋል።

«ታዲያ ሥዕሉስ?» የሚል አይጠፋም። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) ኑሮው በሥዕል የሆነ ሰው ሲጠይቃቸው የግድ ከሆነ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ሣል ማለታቸው በሐዲስ ኪታቦች ተዘግቧል። ነፍስ ያለውን ነገር ሐውልት ስለ መቅረጽ የዑለማኡ አቋም ጠንካራ ነው፤ በወረቀትና በጨርቅ ላይ ስላለው ግን በዝርዝሩ ተለያይተዋል። የኢስታንቡሉ ፋቲሕ ሱልጣን ሙሐመድ በ1479 ከቬኒስ ሰዓሊ አስመጥተው ነበር፤ ጄንቲሌ ቤሊኒ የሣላቸው የ1480 ምስልም ዛሬ ለንደን ይገኛል። የሱልጣን ሥራ ግን ለሸሪዓ ማስረጃ አይሆንም። ልጃችሁ እርሳስ ይዞ ከተቀመጠ ዛፉን፣ ተራራውን፣ የመስጂዱን ቅስት ይጀምር፤ ስለቀረው የምታምኗቸውን ዓሊሞች ጠይቁ።

የፊደል ጥበባችን እንኳ ጣሊያን ደርሷል። ጄንቲሌ ዳ ፋብሪያኖ በ1423 በፍሎሬንስ በሣለው ሥዕል ላይ በመርየም ራስ ዙሪያ ያለው የወርቅ ክብ በዐረብኛ ፊደል አምሳያ ተጊጧል። ከግብፅና ከሻም ይመጡ በነበሩ የነሐስ ሳህኖች ጠርዝ ላይ ያለውን ጽሑፍ ይመስላል። ሰዓሊው ማንበብ አይችልም ነበር፤ ውበቱን ብቻ አይቶ ቀዳው።