ፓስታ በአሰብ መንገድ፦ «እውነተኛ» የጣሊያን ምግብ የት ይገኛል?



የዚህ ንግግር ርእስ ሲለጠፍ አንዳንድ ባልደረቦቼ ፈገግ ማለታቸውን አይቻለሁ። ውሃ በቦቴ በሚጠበቅበት አገር ስለ ፓስታ መናገር ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ሆኖም ከዚህ ከሰመራ ተነሥታችሁ ወደ ጋላፊ በሚወስደው አስፋልት ብትጓዙና ሰርዶ ላይ ብትቆሙ፣ የመንገድ ዳር ምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ከምትቆጥራቸው ሦስት ወይም አራት ምግቦች አንዱ ፓስታ መሆኑ አይቀርም። ማንም እንደ ባዕድ ምግብ አይቆጥረውም። በአዲስ አበባ ደግሞ «እውነተኛ የጣሊያን ምግብ» የሚል ጽሑፍ በራቸው ላይ የሰቀሉ ቤቶች አሉ፤ ዋጋቸውም የዚያኑ ያህል ነው። ዛሬ የምጠይቀው ጥያቄ ቀላል ነው፤ ከሁለቱ ወደ እውነተኛው የሚቀርበው የትኛው ነው?

ምግቡ የመጣበትን መንገድ ሳናውቅ መልስ መስጠት አይቻልም። መንገድ ስል በምሳሌ አይደለም። የጣሊያን እግር በዚህ ምድር የተተከለው በአሰብ ነው። ሩባቲኖ የተባለው የመርከብ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1869 ቦታውን ከአካባቢው ሹማምንት ገዛ፤ በ1882 የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው ተረከበው። በ1920 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ጣሊያን የወዳጅነት ውል ሲፈራረሙ ከአሰብ እስከ ደሴ መንገድ እንዲሠራ ተስማምተው ነበር። በሰላሙ ጊዜ ሥራው ሳይፈጸም ቀረ፤ የተፈጸመው በወረራው ዘመን ነው። ከአሰብ በማንዳ፣ በኤሊ ዳአር፣ በሰርዶ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚወጣው መስመር እንግዲህ በመጀመሪያ የታሰበው እኛን ለማብላት አልነበረም።

ይህን በለሆሳስ ማለፍ አልፈልግም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከምግብ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ግን ብዙ የማይነገርለት ሌላ ነገር ነው። በወረራው ዘመን የወጡት የዘር ሕጎችና መመሪያዎች ጣሊያንና «ተወላጅ» የተባለው ሰው በአንድ ሰፈር እንዳይኖሩ፣ በአንድ ምግብ ቤት እንዳይቀመጡ ይከለክሉ ነበር። ይኸውም ፓስታ በከተሞቻችን በስፋት መቀቀል በጀመረባቸው ዓመታት፣ ቀቅሎ የሚያቀርበው ኢትዮጵያዊ ገበታው ላይ ሊቀመጥ አይችልም ነበር ማለት ነው። ከ1933 ዓ.ም. ድል በኋላ በአገራችን የቀሩት ጣሊያኖች፣ መካኒኮች፣ ግንበኞች፣ ወጥ ሠሪዎችና ሆቴል ከፋቾች፣ ምግባቸውን ለማንኛውም ከፋይ ማቅረብ ጀመሩ። ትናንት ጓዳ ተከልክሎ የቆመው ሰው ዛሬ ወንበር ስቦ አዘዘ። እኔ ይህን ማዘዝ እንደ ባህል ወረራ አላየውም፤ ገበታን እንደ መማረክ ነው የማየው። በዚህ የማይስማሙ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክሩን በደስታ እቀበላለሁ።

የማረክነውን ደግሞ ስሙን ለወጥነው። «ፎርኖ» በጣሊያንኛ ምድጃ ነው፤ እኛ ዘንድ ፉርኖ ዳቦው ራሱ ሆነ። «ሳልሳ» እዚያ ማንኛውም ማባያ ሲሆን፣ እዚህ በቆርቆሮ የታሸገ የቲማቲም ድልህ ነው። «ሱጎ» ስጎ ተባለ። ማኪያቶ እዚያ በጠብታ ወተት የቆሸሸ ቡና ማለት ነው፤ የእኛው ግን ወተቱ የበዛ፣ ጠቆር ያለና ነጣ ያለ እየተባለ የሚታዘዝ ሌላ ፍጡር ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የወጥ ቤቱና የጋራዡ ቋንቋ አብረው መምጣታቸው ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሽ የሚሉት ቃላት በአሰብ መስመር ላይ ከስጎና ከመኮሮኒ ጋር በአንድ ጋቢና ተጉዘዋል። የፊያት 634 መኪና «ትሬንታ ኳትሮ»፣ በኋላም የመጣው 682 «ኤንትሬ» እየተባለ የተጠራው ቁጥሩና ፊደሉ በጣሊያንኛ ተነብቦ ነው። ለዚህ ነው የጣሊያን ምግብ በአገራችን ከቤተ መንግሥት ገበታ ይልቅ የሾፌር ምግብ ሆኖ የተስፋፋው የምለው። በባቡሩ መስመር ሁኔታው ትንሽ ይለያል፤ ቀድሞ ባቡሩ በቀን ብቻ ሲጓዝ መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ ነበር የሚሄደው፤ የአዋሽ ጣቢያ ቡፌም ጠባዩ ወደ ፈረንሳይና ወደ ግሪክ ያደላ ነበር። ስለዚህ ከአዋሽ ይልቅ ሰርዶን መረጥኩ።

አሁን ወደ «እውነተኛ» ወደሚለው ቃል እንመለስ። ጣሊያኖች ራሳቸው በዚህ ቃል ዙሪያ ጥብቅ ናቸው፤ የቦሎኛ ራጉ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1982 በከተማዋ የንግድ ምክር ቤት ዘንድ በሰነድ ተመዝግቧል። ነገር ግን ታሪኩ ከሰነዱ ይልቅ የተመሰቃቀለ ነው። በአውሮፓ ምድር ፓስታ በብዛት ተሠርቶ ለንግድ ይላክ እንደነበር ከመሰከሩት ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የሙስሊሙ የጂኦግራፊ ሊቅ የአል-ኢድሪሲ መጽሐፍ ነው። በ1154 በሲሲሊ ንጉሥ በሩጀሮ 2ኛ ቤተ መንግሥት ሆኖ በጻፈው ሥራ፣ በፓሌርሞ አቅራቢያ ትራቢያ በምትባል ቦታ «ኢጥሪያ» የተባለ ደረቅ የዱቄት ምግብ እየተሠራ በመርከብ ወደ ሙስሊሙም ወደ ክርስቲያኑም አገር ይላክ እንደነበር ይነግረናል። ደርቆ ሩቅ የሚጓዝ የነጋዴና የመንገደኛ ስንቅ መሆኑን ልብ በሉ። ቲማቲም ከአሜሪካ አህጉር ነው የመጣው፤ ከፓስታ ጋር በጽሑፍ የተገናኘውም ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ዛሬ የሮም መለያ የሆነው ካርቦናራ የጽሑፍ ማስረጃው የሚጀምረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ይኸውም በኢትዮጵያ ውስጥ ፓስታ በስጎ ከተለመደ በኋላ ማለት ነው። «ስፓጌቲ ቦሎኔዝ» የሚለውን ደግሞ ቦሎኛ ሄዳችሁ ብታዝዙ ፊታቸውን ያጨፈግጋሉ፤ እዚያ ራጉ የሚቀርበው በታሊያቴሌ ነው።

ታዲያ ሁሉም ነገር እውነተኛ ነው፣ ወይም ምንም ነገር እውነተኛ አይደለም ልንል ነው? አይደለም። እኔ እውነተኛነቱን የማገኘው ከምግቦቹ ዝርዝር ውስጥ ሳይሆን ከአሠራሩ ሥርዓት ውስጥ ነው፦ ጥቂት ነገር፣ በአካባቢው ያለ ነገር፣ በጊዜው የወጣ ነገር።

ከውሃው ልጀምር። በፓስታ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ደቂቃ ውሃ በ100 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል ብሎ የተሰላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ስለዚህ ዘጠኝ ደቂቃ የተባለው ፓስታ በዘጠኝ ደቂቃ አይበስልም፤ ሴቲቱ ሰዓቱን ትታ በግምት ትቀቅላለች፤ ግምቱ ደግሞ ወደ ማልፈስፈስ ያደላል። እዚህ ሰመራ ውሃ የሚፈላው ከ98 ዲግሪ በላይ ነው። ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ብትወርዱ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ያልፋል። በሌላ አነጋገር የጣሊያኑ ካርቶን በአገራችን እውነቱን የሚናገረው በአፋር ነው። ሙቀታችን ላይ የምናማርረውን ያህል ይህችን ጸጋ ብናስታውሳት መልካም ነው።

ጣሊያኖች ለ100 ግራም ፓስታ አንድ ሊትር ውሃና 10 ግራም ጨው ይላሉ። ይህ ውሃ በቧንቧ ለሚወርድለት ሰው የተነገረ ነው። በግማሹ ውሃ፣ ቶሎ ቶሎ እያማሰሉ ቢቀቅሉት ፓስታው አይበላሽም፤ እንዲያውም የቀረው ውሃ ወፍራምና ስታርች የበዛበት ስለሚሆን ከስጎው ጋር ሲቀላቀል ሁለቱን ያስተሳስራል። በብዙ ቤቶቻችን የምናየው ልማድ፣ ማለትም የተቀቀለውን ፓስታ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ፣ ስጎውን የሚይዘውን ስታርች ጠርጎ ይወስዳል፤ ውሃም ያባክናል። ስለ ጨው ከእኛ በላይ የሚታማ የለም። አሰብ ከኢትዮጵያ ገበያ ከተለየች ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ አገሪቱን በጨው የያዘው በዋናነት አፍዴራ ነው፤ የጨው መኪኖቹም ከዚያ ሲመጡ ዋናውን አስፋልት የሚያገኙት ሰርዶ ላይ ነው። የጉድጓዱ ውሃ ራሱ ጨዋማ በሆነበት ሰፈር ግን መጠኑን ቀንሱ።

በእንጀራ ስለሚበላው ፓስታ አንድ ነገር ልበል፤ በዚህ ጉዳይ የከተሜው ፌዝ ያሳዝነኛልና። ፓስታችን የሚለሰልሰው ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ጥርስ የሚሰማው ፓስታ በሹካ ይጠቀለላል፤ በእንጀራ ሲቆረስ ግን ያመልጣል። በእጅ የሚበላ ሕዝብ ለእጁ የሚታዘዝ ፓስታ ቀቀለ። ይህ ምክንያት ያለው አሠራር ነው። በሹካ እየበሉ አልፈስፍሶ መቀቀል ግን ምክንያት የለውም፤ በስጎው ላይ ስኳር መነስነስም እንዲሁ። ቲማቲሙ ከኮመጠጠ ሽንኩርቱን ቀድሞ በዝግታ ማቁላላት ይበቃል፤ ወጥ የሚሠራ ሰው ይህን ከጣሊያን መማር አያስፈልገውም።

ወደ ሰርዶ ልመለስ። በአካባቢው የመንገድ ዳር ቤቶች የፍየል ሥጋው፣ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ጠዋት ይጣዳል፤ መኪና የሚመጣበት ሰዓት ስለማይታወቅ እስከ ማታ በለሆሳስ እሳት ላይ ይቆያል። ራጉ ማለት ይኸው ነው፤ ሥጋ ለረጅም ሰዓት በጥቂት እሳት። ፓስታው ደግሞ የሚጣደው እንግዳ ሲደርስ ነው፤ ቀድሞ ከተቀቀለ በዚህ ሙቀት ይበላሻላ። በአሰብ መስመር ያረጁ ሾፌሮች ሳይለሰልስ እንዲወጣላቸው ሲያዝዙ ሰምቻለሁ፤ ይህን ከመጽሐፍ አልተማሩትም። የአሳማ ሥጋ የለም፣ ወይን ጠጅ የለም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የሮም አይሁዶች ለዘመናት ያለ አሳማ ያበሰሉት ምግብ ዛሬ የሮም ኩራት ነው። በሲሲሊ ትራፓኒም ከሰሜን አፍሪካ የመጣው ኩስኩስ የከተማዋ ምግብ ሆኖ ይኖራል። አይብ ግን የለንም ማለት ይቻላል፤ የግመል ወተት እንደ ላም ወተት በቀላሉ ስለማይረጋ የፎርማጆ ነገር በአፋር ተስፋ አይሰጥም። ፓርሚጃኖ ተብሎ የሚሸጠውን ሁሉ አትመኑ፤ ዋናው ከወተት፣ ከጨውና ከማርጊያ በቀር ምንም የሌለበት፣ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ነው። ከሐሰተኛው አለመጨመሩ ይሻላል።

በትልቅ ከተማ ምግብ ቤት ስትመርጡ የምግብ ዝርዝሩን ርዝመት ተመልከቱ። ሰባት ገጽ የሚሞላ ዝርዝር ያለው ቤት ሁሉንም አስቀድሞ ቀቅሎ በማቀዝቀዣ ያስቀመጠ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በፒያሳ ለአሥርት ዓመታት የታወቀው ካስቴሊ ስሙን ያተረፈው ፓስታውን ራሱ በመዳመጡ ነው። የጾም ፓስታ ከቲማቲም፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዘይት በቀር የማያውቅ ትንሽ ቤትም ለእኔ ከብዙ ክሬም ይበልጥብኛል። ለትምህርት ወይም ለጉባኤ ጣሊያን የምትሄዱም እንደሆነ፣ እዚያ ፓስታ ከሥጋ ጋር በአንድ ሰሃን አይቀርብም፤ መጀመሪያ ፓስታው፣ ቀጥሎ ሥጋው ነው። ሁለቱንም ማዘዝ ግዴታ አይደለም። በሂሳቡ ላይ «ኮፔርቶ» የሚል ትንሽ ክፍያ ብታዩ አትደንግጡ፤ የመቀመጫ ነው።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ስንዴው ነው። በጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው ሕግ ደረቅ ፓስታ ከዱረም ስንዴ እንዲሠራ አስገድዷል፤ ለስላሳው ስንዴ ሲቀቀል ይፈርሳልና። የሩሲያው ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችንን ሲዞር ካስደነቁት ነገሮች አንዱ የዱረም ስንዴያችን የዓይነት ብዛት ነበር። በቂንጬና በንፍሮ የምናውቀው ጠንካራ ስንዴ ማለት ነው። በአዋሽ ሸለቆ በወረር የምርምር ማእከል የቆላ ስንዴ በመስኖ እየተሞከረ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ የግብርና ተማሪዎቻችን ስለ ኩንታል ብቻ ሳይሆን ስለ ድስቱም ቢጠይቁ እወዳለሁ።

ለታሪክና ለቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የመንገደኛ ቤቶች ግድግዳ ዛሬ ምስክር ሊሆነን አይችልም። የአሰብ መስመር ሾፌሮችና ያበሰሉላቸው ሴቶች ግን ጥቂቶቹ በሎግያ፣ በሚሌና በኮምቦልቻ አሉ፤ ዕድሜያቸውም ገፍቷል። ምን ይበሉ እንደነበር፣ ማን እንዳስተማራቸው፣ በስንት ይሸጥ እንደነበር፣ ለእያንዳንዱ ነገር ምን ስም እንደነበራቸው በድምፅ ቅዱ። በመጪው የእረፍት ጊዜ ለመጀመር የምትፈልጉ ከንግግሩ በኋላ ስማችሁን ለእኔ ስጡኝ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።